ወለሉ ለምን ዘቀዘቀ?

በማኅበራችን ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ውሃ ሲፈስ ወደ መውጫ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ በሩ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን እዚያው አዳልጧቸው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ወዲያው ሴራሚክ እንዲነጠፍ ተስማማን። ሙያተኛው ግን፣ ወለሉ መጀመሪያ ካልተስተካከለ ገንዘባችሁን ትከስራላችሁ አለን። ምክንያቱን ስንፈልግ የቤቱን ታሪክ አገኘን።

ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ እንደኛው ያለ ጭቃ ቤት ሲሠራ ወለሉ የተደለደለ አፈር ነበር። እሱንም በእበት የሚለቀልቁት ሴቶች ነበሩ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተተከለ በኋላ፣ ሊሾ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ። በእኛ ቤት ሊሾው የፈሰሰው ድንጋይ ሳይነጠፍ በአፈሩ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ በቤት ውስጥ ስላልነበረ፣ እጣቢው በበሩ በኩል ወደ ግቢ እንዲወጣ ወለሉን ወደ ደጅ አዘቀዘቁት። ለዚያ ጊዜ ትክክል ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ቤታችንም አንዱ ነበር። ዝቅተኛው ኪራይ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ላሳደጉ ብዙ እናቶች መጠለያ ሆኗቸዋል። ያው ኪራይ ግን ለእድሳት አይበቃም ነበር፤ ተከራይም ያለ ፈቃድ ቤቱን አትነካም። ስለዚህ ወለሉ እየሰመጠ ኖረ።

ቤቱ ለማኅበራችን ከተሰጠ በኋላ ሻወር ስናስገባ የውሃ መውጫውን በስተኋላ አስቀበርን። ወለሉን ግን ወደ በሩ እንዳዘቀዘቀ ተውነው። ይህ የራሳችን ስሕተት ነው።

ሙያተኛው ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሲለካ በ2 ሜትር ርቀት የ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተገኘ። ይህን ያህል ጉድለት በሴራሚክ ማጣበቂያ አይሞላም፤ ወፍራም ማጣበቂያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሊሾው ተነቀለ፣ አፈሩ ተጠቀጠቀ፣ ድንጋይ ተነጥፎ ኮንክሪት ተሞላ፤ ለ7 ቀንም ተራ ገብተን ውሃ አጠጣነው። አንዳንዶቻችን ወለሉ ፍጹም ውሃ ልክ እንዲሆን ፈልገን ነበር። የመታጠቢያ ቤት ወለል ግን በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀዳዳው ዝቅ ማለት አለበት። ሴራሚኩንም ሻካራ፣ የማያዳልጥ መረጥን።

ለአዳዲስ ወንበሮች ያጠራቀምነው ገንዘብ ከወለሉ ሥር ገባ። ደጋፊዎቻችን ሊጎበኙን ሲመጡ የሚያዩት ሴራሚኩን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ወጪ ግን የማይታየው ላይ ዋለ።

አሮጌ ቤት ያላችሁ እህቶች፣ ሴራሚክ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። እኛም ሥራው ሲያልቅ እንዲሁ አደረግን። ውሃውን ያፈሰሱት እኚያው እናታችን ናቸው፤ ወደ ቀዳዳውም ሄደ።