«ማዳበሪያ» ጆንያን እንዴት ከገበያ አስወጣ?

ወረታ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው «እስቲ ማዳበሪያ አቀብሉኝ» ቢላችሁ ዩሪያ ፍለጋ እንዳትሮጡ። የሚፈልገው ባዶውን ከረጢት ነው። ዕቃው በውስጡ ይዞት የመጣውን ነገር ስም ወርሶ ቀረ፤ የውኃ ጠርሙስ ሁሉ «ሃይላንድ» እንደተባለው። (ለፕላስቲክ ስም ማውጣት ላይ ትንሽ ሰነፍ ሳንሆን አልቀረንም።)

ከማዳበሪያ በፊት የቃጫ ጆንያ ነበር፤ ከጆንያም በፊት የቆዳው ስልቻ። የኬሚካል ማዳበሪያ ለገበሬያችን በሰፊው መተዋወቅ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ያኔ ፎገራ ገና የሩዝ አገር አልነበረም። ርብና ጉማራ ክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ የፎገራ ከብት የሚግጥበት፣ ውኃው ሲሸሽ ጓያ የሚዘራበት ሜዳ ነበር። ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ዛሬም የጅግናን ቀበሌ ስም ይዞ ይዞራል። ሩዙ በዛ፣ ወረታ የመፈልፈያ ወፍጮ ከተማ ሆነች፤ ከማሳ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ መኪና የሚጓዘው እህል ሁሉ ደግሞ ከረጢት ይፈልጋል።

የዚህ ከረጢት ጥሬ ዕቃ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ሚላን ውስጥ ሞለኪዩሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ ፖሊፕሮፒሊን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር ኖቤል ተሸለመ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። የማዳበሪያው ከረጢት የተሠራበት ጥብጣብም ከዚያ ብዙ አይወፍርም። ታዲያ አንዱ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይዞ ሲቀደድ ሌላው ግማሽ ኩንታል እንዴት ይሸከማል? እርግጥ ፌስታሉ ፖሊኢትሊን ነው፤ ዘሩ ሌላ ነው። የጉልበቱ ዋና ምንጭ ግን አሠራሩ ነው።

ባዘቶን አስቡት። በሁለት ጣት ስትስቡት ይበጠሳል። ያው ጥጥ ተፈትሎ ድር ሲሆን ግን እጅ ይቆርጣል። የፕላስቲኩም ነገር ከዚህ አይርቅም። ፋብሪካው ፖሊፕሮፒሊኑን አቅልጦ በስሱ ያወጣዋል፣ ውኃ ውስጥ በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል፣ በምላጭ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ እንደገና አሙቆ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይለጥጠዋል። የተዘበራረቁት ረጃጅም ሞለኪዩሎች በመለጠጡ አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ። በርዝመቱ ብረት ነው! በወርዱ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ትንሽ ፖሊኢትሊንና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይቀላቀልበታል (ዱቄቱ ሲበዛ ደግሞ ጥብጣቡ ይደክማል)፤ ከዚያ እንደ ሸማኔ ድርና ማግ ተደርጎ ይሸመናል። ርጥበት አይመጥም፣ እንደ ጆንያው አይሻግትም። ጆንያ በዚህ ተሸነፈ።

ጠላቱ ፀሐይ ነው። መከላከያ ካልተጨመረበት ጨረሩ ሞለኪዩሎቹን ይቆራርጣቸዋል፤ ሜዳ ላይ የከረመ ማዳበሪያ ስታነሱት እጃችሁ ላይ የሚረግፈው ለዚህ ነው። ርጋፊው ደግሞ ከጎርፉ ጋር ወደ ጣና ነው የሚወርደው።

«ሰብስቦ ማቅለጥ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ሲቀልጥ ያ ሁሉ መለጠጥ ይጠፋል፤ ድሩ ተመልሶ ባዘቶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ብዙው የማዳበሪያ ከረጢት ውስጡ የፖሊኢትሊን ገበር አለው። ፎገራ ላይ የሩዝና የጤፍ ዱቄት ተስማምተው አንድ እንጀራ ይሆናሉ። ሁለቱ ፕላስቲኮች ግን አብረው ቢቀልጡም እንደ ዘይትና ውኃ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሲቀዘቅዝም በጠብታው ዳር ዳር ይሰነጠቃል። በደንብ ሲቦካ ጠብታው ያንሳል፣ አስማሚ ኬሚካል ሲጨመርም የተሻለ ይያያዛል፤ ያም ሆኖ ገበሩን ቀድሞ መለየትን የሚያህል ነገር የለም።

ገበያ ስትወጡ ግን ያረጀውን ማዳበሪያ ተርትረው፣ ጥብጣቡን ገምደው ገመድ የሚሸጡትን እዩ። እሳት አይነካውም፤ ፋብሪካው የለጠጠው ጉልበትም እንዳለ በገመዱ ውስጥ ይቀራል። ከብቱም የሚታሰረው በዚያ ነው።