የጋፋት ሠረገላና የሙያ ትምህርት ታሪካችን

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ስለ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ትምህርት ሲሰጥ «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ሳይነሣ አይታለፍም። ነገር ግን ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ይህ መሣሪያ ከተሠራበት ከጋፋት ተነሥቶ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በምን ላይ ተጭኖ ነው ብሎ የሚጠይቅ እጩ መምህር ለዚህ ጸሐፊ እምብዛም አላጋጠመውም። መልሱ በሠረገላ ነው። ሠረገላውን ማን ገጠመው? መንኮራኩሩ ሸክሙን መቻሉንስ ማን መረመረ? የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን በዚህ ረገድ ዝም ይላሉ።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ኮረብታማ ሥፍራ ናት። በ1840ዎቹ መጨረሻና ከዚያም በኋላ፣ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አሳቢነት፣ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። የመጡት ወንጌል ለመስበክ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከእነርሱ ጋር ተቀላቀሉ። የአገሩ ወጣቶችም ሙያ እንዲማሩ ተመደቡላቸው። ጋፋት በትምህርት ታሪካችን የመጀመሪያው የቴክኒክ ትምህርት ቤት እየተባለ የሚጠቀሰው ስለዚህ ነው።

ሚስዮናውያኑ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበርና እንደማይችሉ ተናገሩ፤ ንጉሡ ግን እንዲሞክሩ አስገደዷቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ምድጃው ታደሰ፣ ቅርጽ ማውጫው ተለወጠ፣ በመጨረሻም ነሐሱ ቀልጦ ፈሰሰ። አፄ ቴዎድሮስ እየተመላለሱ ሥራውን ቆመው ይመለከቱ ስለ ነበር፣ በዛሬው አነጋገር የጋፋት ዋና የጥራት ተቆጣጣሪ እርሳቸው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። (ይህን መሰሉ ተቆጣጣሪ ለሠራተኛው ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምተው።)

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከመድፉ ይልቅ ሠረገላው የበለጠ ጥበብ ጠይቋል። ነሐስ አንድ ጊዜ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ ሥራው አለቀ፤ ሠረገላ ግን ከብዙ ክፍሎች የሚገጣጠም ነው። እንጨቱ በሚገባ ያልደረቀ እንደሆነ በጉዞ ላይ ይሟሽሻል፤ የመንኮራኩሩ እምብርትና ክንዶቹ ልክ ለልክ ካልገጠሙ ሸክሙ በአንድ ወገን ያዘነብላል። የብረቱ ቀለበትም ከእንጨቱ ዙሪያ ጥቂት ጠበብ ብሎ ይሠራና በእሳት ግሎ ሲሰፋ ይጠለቅበታል፤ ውኃ ሲፈስበት ተኮማትሮ ክፍሎቹን ሁሉ አንድ ላይ ያጠብቃል። የመንኮራኩር ሠሪ ሙያ በየትም አገር ይኸው ነው። በአዲስ አበባ በ1962 ዓ.ም. አካባቢ በተቋቋመው በአምቼ ፋብሪካ የከባድ መኪና ገጣጣሚ ከውጭ አገር ተሠርተው የመጡትን ክፍሎች በንድፍ እየተመራ ሲያገናኝ፣ የጋፋት ሰው እንጨቱንም ብረቱንም ራሱ ማዘጋጀት ነበረበት።

አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ምላሽ በማጣታቸው የተከተለው ጠብ የታወቀ ነው። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊው ፍላድ የእጅ ባለሙያዎችን እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ቢደርሱም፣ እስረኞቹ ባለመለቀቃቸው ወደ መሐል አገር ሳይገቡ ቀሩ። ስለዚህ ጋፋት ባለው እጅ ብቻ ሠራ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጓዙ ቀላል የሆነ መንገደኛ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሠረገላውን በገመድ እየሳቡ፣ ቁልቁለት ላይም ከኋላ እየያዙ፣ ከፊታቸው መንገድ እየተጠረገ ተጓዙ፤ ንጉሡ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ በዚሁ መንገድ ተጠቅሟል፤ ከጦሩ ጋር የነበረው ክሌመንትስ ማርክሃምም የመንገዱን ሥራ በአድናቆት ጽፎለታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅና ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ የጋፋት አውሮፓውያን ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። ዋልድማየር በኋላ በሊባኖስ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል።

ከአውሮፓውያኑ ጎን ለጎን የሠሩት ኢትዮጵያውያን ግን ስማቸው አልተጻፈም። ወናፍ የነፋው፣ ከሰል ያከሰለው፣ እንጨት የጠረበው ሰው በጊዜው ልማድ «ቀጥቃጭ» ወይም «ቡዳ» እየተባለ የሚሰደብ ነበርና ሙያውን ለልጁ በኩራት የሚያወርስበት ምክንያት አልነበረውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ከጋፋት አርባ ዓመት በኋላም እንዳልቀረ ያስረዳል። የጋፋት ትምህርት ለምን ተቋረጠ ሲባል የመቅደላ ሽንፈት ብቻ መጠቀሱ ስለዚህ አጥጋቢ አይደለም።

በደቡብ ጎንደር የሚሠለጥኑ መምህራን ለታሪክ ትምህርት ጋፋትን ሲጎበኙ ከታሪክ መምህራቸው ጋር የአካባቢው ብረት ሠሪና አናጢ አብረው እንዲሄዱ፣ ስለ ሙያቸውም እነርሱ ራሳቸው እንዲያስረዱ ቢደረግ መልካም ነው። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የጋለ ብረት እንጨቱን ሳያቃጥል በመንኮራኩር ላይ የሚጠለቀው እንዴት ነው?