ወረራና የአረታት ክብር፦ የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሥርዓት

የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከዛሬው ዓለም አቀፍ ቼዝ የሚለየው በጠጠሮቹ አካሄድ ብቻ አይደለም። ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተራ አይጠብቁም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል። ብዙዎች እንደ እንግዳ ልማድ ቢያዩትም፣ ወረራ ለአንድ የቆየ የጨዋታ ችግር የተሰጠ ብልህ መፍትሔ መሆኑን ይህ መጣጥፍ ያስረዳል።

የታሪክ ምስክሮች

አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒሳዊው ሠዓሊ ቢቺኒ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጨዋታውን በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ አይቶታል፤ ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን ደግሞ ደንቡን ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ደንቡን አሰባስበው አቅርበዋል። ሰንጠረዥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ እንደነበር ከእነዚህ ምንጮች እንረዳለን።

ገበታውና ጠጠሮቹ

ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት ይወጣለታል፤ ቤቶቹ በቀለም አይለያዩም። እያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ሳባ፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር (የዛሬው ሩክ) እና ስምንት መደቅ (እግረኛ ወታደር) አለው። ንጉሡ ለባለቤቱ ከመሃል በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራ ስለሚቆም ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም። ፈረስና ደር እንደ ዛሬው ይሄዳሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ሳባ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ በዚህም የተነሣ አንድ ሳባ ዕድሜውን ሙሉ ሊረግጥ የሚችለው ከ64ቱ 8 ቤት ብቻ ነው። መደቅ ከመነሻውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም።

ወረራ

በእንዲህ ያሉ አዝጋሚ ጠጠሮች ተራ በተራ ሲጫወቱ ሁለቱ ሠራዊት እስኪገናኙ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ችግሩ የሻጥራንጅ፣ ማለትም የጥንቱ የፋርስና የዐረብ ቼዝ፣ ዘር የሆኑ ጨዋታዎች ሁሉ ነበር። የዐረብ ሊቃውንት አስቀድሞ ከተደረደረ አሰላለፍ መጀመርን መረጡ። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጠጠሮቹን ኃይል ጨመሩ። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ግን ጠጠሮቹን እንዳሉ ትተው ተራውን አነሡ።

በወረራ ጊዜ እያንዳንዱ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ይራመዳል። ዓይኑ ግን ከባላጋራው እጅ አይነቀልም፦ ያኛው ሳባውን ወደ አንድ ጎን ሲያዘልል ሲያይ ያራመደውን ፈረስ መልሶ በሌላ ጠጠር ይተካል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል። ስለዚህ ቀድሞ የሚበላ ሰው ለራሱም ለባላጋራውም የመሰናጃውን ጊዜ ይዘጋል። በቃል የተጠና መክፈቻ እዚህ አይሠራም፤ የሚያዋጣው ሰውን ማንበብ ነው።

አረታትና ክብር

ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም። በደር ወይም በፈረስ መርታት ተራ ነገር ሲሆን፣ በሳባ፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ መርታት ግን ያስከብራል። ምክንያቱ ከላይ ካየነው ይመነጫል፦ 8 ቤት ብቻ በሚደርስ ጠጠር ንጉሥን ማጥመድ የባላጋራን ሽሽት ከሩቅ መቀየስ ይጠይቃል። ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይረታም። ስለዚህ አጥቂው ያገኘውን ሁሉ እየበላ መሄድ አይችልም፤ ለባላጋራው ምን እንደሚተውለት ማሰብ አለበት።

ማጠቃለያ

ወረራና የአረታት ክብር አንድ ሐሳብ የሚያራምዱ ደንቦች ናቸው፦ ሰንጠረዥ ጉልበትን ሳይሆን ብልሃትን ይመዝናል። ይህን ጨዋታ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ማየት አይበቃም፤ መጫወት ያስፈልጋል። አዲስ ዕቃም አይጠይቅም። የተለመደው የቼዝ ገበታ ይበቃል፤ ንግሥቷ በፈርዝ፣ ጳጳሱ በሳባ አካሄድ ይሂዱ። የቼዝ አሠልጣኞችና የታሪክ መምህራን ደንቡን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፣ ከመጻሕፍት ውስጥ ያለው ቅርስ ወደ ሰው እጅ ይመለሳል።