ሥራ ይዞ የመጣ ማነው?

«ምን ሊሠራ መጣ?» የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ የቆየ ጥያቄ ነው። ትናንት ማታ ከአውቶቡስ የወረደ ወጣት፣ ሻንጣው ገና ሳይፈታ ይጠየቀዋል። የሚገርመው ግን ጠያቂው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የርሱም አባት ወይም አያት እንዲሁ በባዶ እጁ የገባ ሰው ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ፣ ከዚያም ወደ መስቀል ፍላወር የተዘረጋውን ሰፈር መነሻ አድርገን፣ ሥራ ሳይዙ ወደ ከተማ መግባት እንዴት እንደኖረና ምን ይዞት እንደቆመ ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ «ሰፈር» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሰፈር ማለት የሠራዊት ማረፊያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተሠራችው በዚሁ መልክ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ በመካከል፣ መኳንንቱ በየጉብታው፣ ጭፍራቸውና አሽከራቸው በዙሪያቸው። የያኔው መጤ ሥራ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ጌታ ነበረው። የሚበላውም ከጌታው ግቢ ነው። እንግዲህ «ሥራ ይዞ መግባት» የሚባለው ነገር በከተማችን የመጀመሪያ ትርጉሙ ጌታ ይዞ መግባት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን የለወጠው ገንዘብ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጉራጌ አገር በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ግብር በጥሬ ገንዘብ ተጠየቀ። እንሰት ሆድ ይሞላል እንጂ ብር አያወጣም። ስለዚህ ጉልበቱ የጠና ሰው ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ እንጨት ፈለጠ፣ ቤት ሠራ፣ ሸክም ተሸከመ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ለገሃር ሌላ ገበያ ሆነ። ዕቃ የሚያወርድ፣ የሚጭን፣ ለመንገደኛ ሻይና እንጀራ የሚያቀርብ ሁሉ ያንን አካባቢ ከበበው። ሐዲዱ በጎኑ ያልፍበት የነበረው ቂርቆስም ከባቡሩ ጋር አደገ። ከእነዚህ ሰዎች ጌታ ይዞ የመጣው ጥቂቱ ነው። ብዙው የመጣው «እዚያ ሥራ አይጠፋም» የሚል ወሬ ሰምቶ ነው።

አሁን ወደ ካዛንቺስ እንምጣ። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ይሉ ነበር፣ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት ቤቶች ማለት ነው። ፋሺስት ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማውን ነጭና ጥቁር ብሎ ሊከፍል ተነሣ። የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው፤ ለራሱ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ደግሞ የመኖሪያ ቤቶች አቆመላቸው። ልብ እንበል! ካዛንቺስ የታሰበው ገና ከአገሩ ሳይነሣ ሥራው፣ ደመወዙና ቤቱ ለተቆረጠለት ሰው ነው። በከተማችን ታሪክ «ሥራ ይዞ የመጣ» ሰው ማየት ከፈለግን እነሆ እርሱ ነው፤ የመጣውም በታንክ ተከትሎ ነው። በ1933 ዓ.ም. ሄደ። ስሙን ትቶልን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩን የሞላው ማን ሆነ? በ1951 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፤ በ1953 የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ቢሮ ሲበዛ ዘበኛ ይፈለጋል፣ ልብስ አጣቢ ይፈለጋል፣ ሞግዚት ይፈለጋል። ማታ ደግሞ ቡና ቤትና ጠጅ ቤት ይደምቃል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ባል ፈትታ የወጣችው፣ ያለዕድሜዋ ልትዳር ሲሉ ያመለጠችው፣ እናት አባት የሞቱባት ልጅ፣ ሁሏም ወደዚህ መጣች። እንጀራ ጋገረች፣ ጠላ ጠመቀች፣ አረቄ ሸጠች፤ ሌላ በር የተዘጋባት ደግሞ ገላዋን ሸጠች። በ1999ኙ ቆጠራ በአዲስ አበባ ሴቱ ከወንዱ በልጦ የተገኘው ያለምክንያት አይደለም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት? ገንዘብና ሥራ አልያዙም፤ እውነት ነው። ግን ሰው ይዘዋል። ከተማ ውስጥ ለዘበኝነት እንኳ «ተያዥ አምጣ» ይባላል። ተያዥ የሚሆነው ማነው? ቀድሞ የገባ የአገር ልጅ ነዋ! የጉራጌን መስቀል ለምሳሌ እንውሰድ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከተሜው ጉራጌ ልብስና ብር ይዞ አገሩ ይገባል፤ ክትፎው ተበልቶ፣ ደመራው ተለኩሶ ሲመለስ ደግሞ አንድ የወንድም ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ አብሮት ይሳፈራል። ልጁ ሥራ የለውም፣ ግን የሚያድርበት ያውቃል። በሳምንቱ ሊስትሮ ይሆናል ወይም ሱቅ በደረቴ አንግቶ ይዞራል። ከሆቴል ስሙን የወሰደው መስቀል ፍላወርም ይህን ቢያስታውሰን አይከፋም፤ የመስቀል አበባ የሚፈካው መጤው በሚንቀሳቀስበት ወር ነው።

«እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለት ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት» ይባላል። ዘመድም ቢሆን ዝንተ ዓለም አያሳድርም። ስለዚህ ሁለተኛው ቁም ነገር ርካሽ ማደሪያ ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ደባልነት ነበር፤ ቆጥ ላይ ማደር ነበር፤ አንዷን ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ለሁለት መኖር ነበር። ቤቱ ይጠባል፣ ያፍናል፣ ክረምት ያፈሳል። ነገር ግን ሥራው ካለበት በእግር ይደረሳል። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ በእግር መድረስ ማለት ምሳ መብላት ማለት ነው። ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ የሰንበቴ ማኅበሩም በዚያው አጥር ለአጥር በተያያዘ ኑሮ ላይ የበቀለ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የድሃውን ኪራይ ቀነሰ። ለነባሩ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ለአዲስ መጪው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀበሌ ቤት የያዘ አይለቅም፣ ያልያዘም አያገኝም። ያለ መሸኛ መታወቂያ የለም፤ ያለ መታወቂያ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር የለም። ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ1662 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሰፈራ ሕግ ድሃ መጤ የደብሩ ሸክም ይሆናል ተብሎ ሲፈራ ወደመጣበት ይመለስ ነበር፤ ቻይናም በ1958 እ.ኤ.አ. ገበሬውን በምዝገባ ወረቀት ካገሩ አሰረችው። ሆኖም ሰው መምጣቱን አልተወም። ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1970 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን በስሌት አሳዩ፤ መጤው የሚያሰላው ዛሬ የሚያገኘውን ሳይሆን ሊያገኝ ይችላል ብሎ የሚገምተውን ነው። እናቶቻችን ያለስሌት ያውቁት ነበር፤ «ዕድሉን ይሞክር» ነው የሚሉት።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። አዲስ አበባ በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል፣ በ1987ቱ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበራት። ከነዋሪዋም ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ ነው።

እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱና ነዋሪው ርቀው ወደሚገኙ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ ሰፈሮች ሲዛወር የሆነው ነገር ምንድነው? ስለ ሰፊ መንገድና ስለ ንጹሕ ቤት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ዕድር መበተንም ተብሏል። እኛ ግን ስሙ በየትኛውም መዝገብ ስላልሰፈረው ሰው እንጠይቃለን። ነባሩ ነዋሪ ትክ ቤት ሊሰጠው ይችላል፤ ደባሉ፣ ቆጥ ላይ የሚያድረው፣ በመጪው መስከረም ሊመጣ ያሰበውስ? መስቀል ፍላወር ዛሬም ፎቅ ይሠራል፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ በር የሚጠብቀው፣ ሳህን የምታጥበው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ሥራው እዚህ ሆኖ ማደሪያው የከተማው ዳር ከሆነ፣ ከቀን ገቢው ታክሲ ምን ያህሉን ይበላል?

የዚህ ሰፈር ታሪክ የሚነግረን ይህ ነው፤ ሥራ ሳይያዝ መምጣት ስንፍና ወይም እብደት አልነበረም። ሁለት ነገር የሚጠይቅ የታወቀ መንገድ ነበር፤ አንድ የሚያውቅህ ሰውና አንድ ለጥቂት ብር የሚያሳድር ጥግ። ከተማዋን የሠራት ይህ መንገድ ነው። ቤት አፍርሶ ለባለቤቱ ቤት መተካት አንድ ነገር ነው፤ ለእንግዳ መግቢያ መተው ግን ሌላ ነገር ነው። የከተማ ፕላን የሚነድፉ ሰዎች «ስንት ሰው ተነሣ?» ብለው እንደሚቆጥሩ ሁሉ «ነገ የሚመጣው የት ያድራል?» ብለውም ቢጠይቁ መልካም ነው። ምክንያቱም ይመጣል። ሁላችንም መጥተናልና።