ስደትና ሰማዕትነት በጎንደር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእምነት ሲሉ መከራን መቀበል ትልቅ ክብር አለው። ነፍሱን የሰጠ ሰማዕት፣ መከራውን ተቀብሎ በሕይወት የቆየ ደግሞ ተአማኒ ይባላል። ታሪካቸው በገድልና በስንክሳር ይነበባል።

በጣና ዙሪያ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ነው። አፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ፣ የንጉሡ ባለሟል ከነበረው ባሏ ተለይታ የመነኮሰችው ይህች የመኳንንት ልጅ አዲሱን ሃይማኖት አልቀበልም አለች። ለፍርድ ቀረበች፤ ተጋዘችም። ከግዞት መልስ የስደተኞችን ማኅበራት አቋቋመች። ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። እሷ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች። ገድሏ የተጻፈው ከ30 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በግዕዝ ከተጻፉት ጥቂት የሴቶች ገድላት አንዱ ነው።

ጎንደር ራሷ በ1880 ዓ.ም. ተፈተነች። በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው የሱዳን መሐዲስቶች ጦር የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል አድርጎ ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። በዓመቱ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከዚሁ ኃይል ጋር ሲዋጉ በመተማ ቆስለው ሞቱ።

ከቃጠሎው ከተረፉት አንዱ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጦሩ ወደ ቅጽሩ ሲጠጋ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረረው ይላል የአገሬው ትረካ። ዛሬ ምእመኑ ቀና ሲል ከጣሪያው የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ያዩታል፤ በግድግዳው ላይ ደግሞ ሰማዕታቱ ተሥለዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ላይ አለ።