ቀረጥና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አነስተኛ የቡና አቀነባባሪዎች

በሚዛን ተፈሪ (ዛሬ ሚዛን አማን)፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ቡና የሚፈለፍሉ፣ የሚያጥቡ፣ ቆልተውና ፈጭተው የሚያሽጉ አነስተኛ ድርጅቶች ሥራ ከሁለት ዓይነት ቀረጥ ጋር የተያያዘ ነው። አንደኛው ገዢ አገሮች ከኢትዮጵያ በሚመጣ ቡና ላይ የሚጥሉት ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያ ራሷ እነዚህ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት ከውጭ የመጣ ማሽን፣ መለዋወጫና ማሸጊያ ላይ የምትሰበስበው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ቢሆንም፣ ዛሬ በአነስተኛ አቀነባባሪው ኪስ ላይ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

አካባቢው የጫካ ቡና ምድር ነው። በቤንች ሸኮ ዞን፣ ከሚዛን ብዙም ሳይርቅ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የበበቃ ቡና እርሻ ይገኛል፤ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ደግሞ የቴፒ ቡና እርሻ አለ። ከትልልቆቹ እርሻዎች ጎን አብዛኛው ቡና የሚለቀመው ከአነስተኛ ገበሬዎች ማሳና ከጫካ ነው። ከዚህ ቡና ለውጭ ገበያ የሚወጣው ከሞላ ጎደል በሙሉ ጥሬ ነው።

ከፍ እያለ የሚሄድ ቀረጥ

አንድ አገር በጥሬ ዕቃ ላይ ዝቅተኛ፣ ከዚያው ጥሬ ዕቃ በተሠራ ምርት ላይ ግን ከፍ ያለ ቀረጥ ሲጥል፣ ጥሬው ወደ አገሩ እንዲገባና የማቀነባበሩ ሥራ እዚያው እንዲሠራ ያደርጋል። ዘዴው የቆየ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶቻቸው የሚመጣውን ጥሬ ስኳር በዝቅተኛ ቀረጥ ሲያስገቡ፣ እዚያው በተጣራው ስኳር ላይ ከባድ ቀረጥ ይጥሉ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1684 በቅኝ ግዛቶቿ አዲስ የስኳር ማጣሪያ እንዳይተከል እስከ መከልከል ደርሳለች። ትርፉ ያለው በማጣራቱ ላይ ስለነበር፣ ደሴቶቹ አገዳ ተክለው ጥሬ ስኳር ከመላክ እንዳያልፉ ተደረገ።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ የዕቃዎች አመዳደብ ያልተቆላ ቡና (ካፌይኑ ያልወጣለት) 0901.11፣ የተቆላው 0901.21፣ በውኃ የሚሟሟው ደግሞ 2101.11 የሚል መለያ ቁጥር አለው። የአውሮፓ ኅብረት መደበኛ ቀረጥ በመጀመሪያው ላይ ዜሮ፣ በሁለተኛው ላይ 7.5 በመቶ ነው። የቻይና መደበኛ ቀረጥ ለጥሬው 8፣ ለተቆላው 15 በመቶ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቀረጡ የሚታሰበው ቆልቶ በጨመረው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው የዕቃው ዋጋ ላይ ነው። ቡናው 100 ብር አውጥቶ በመቁላትና በማሸግ 130 ብር ቢደርስ፣ 7.5 በመቶ ማለት 9.75 ብር ነው፤ ይህም አቀነባባሪው ከጨመረው 30 ብር ውስጥ ሲሶውን ያህል ይወስዳል።

የጋምቤላ በርና የ10 በመቶ ጣሪያ

ኢትዮጵያ ቅኝ ግዛት ባትሆንም ቀረጧን እንደፈለገች የመወሰን ነፃነት ለረጅም ጊዜ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በመልእክተኛው ስም «የክሎቡኮቭስኪ ውል» ተብሎ የሚታወቀው ስምምነት፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ መብት ለራሳቸው ጠየቁ። በዚያ ጣሪያ ሥር አንድ ጀማሪ የአገር ውስጥ አምራች በቀረጥ ከለላ ሊያገኝ አይችልም ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1931 የፍጆታ ግብር በማውጣት ጣሪያውን ለማለፍ ሲሞክር የውጭ ሌጋሲዮኖች ተቃወሙ።

ለደቡብ ምዕራቡ ቡና ዋናው በር ጋምቤላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ውል ዳግማዊ ምኒልክ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ፈቀዱ። ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም እየመጡ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፤ በጎሬና በቡሬ በኩል የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ስለነበር፣ ለምዕራቡ ነጋዴ የባሮ መንገድ ብዙ ጊዜ አጭሩ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነፃ በወጣች በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በጋምቤላ የወጣው ቡና ጥሬ ነበር። ንግዱ የተዘረጋው ጥሬ ዕቃ ለማውጣትና ያለቀለት ዕቃ ለማስገባት ነው፤ ማሽንና ባለሙያ የሚያመጣ አልነበረም።

በገዢ አገሮች በር

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የአውሮፓ ኅብረት «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በሚለውና እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመረው ሥርዓት፣ በልማት ወደኋላ ከቀሩ አገሮች ለሚመጣ ዕቃ ቀረጡን ዜሮ አድርጓል። ስለዚህ የ7.5 በመቶው ቀረጥ በቴፒ የተቆላ ቡናን አይመለከትም። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግንኙነት ላላት ለእነዚሁ አገሮች ዕቃ ሁሉ ቀረጡን አንሥታለች። አሜሪካ በመደበኛ ታሪፏ ጥሬም ሆነ የተቆላ ቡና ላይ ቀረጥ የላትም፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2022 ከአጎዋ መውጣቷ ጨርቃ ጨርቅን ክፉኛ ሲጎዳ ቡናን በቀጥታ አልነካውም። በ2025 አሜሪካ በኢትዮጵያ ዕቃዎች ላይ የጣለችው ተጨማሪ 10 በመቶ ቀረጥ ለተወሰኑ ወራት ቡናንም አካትቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከቡና ላይ ተነሣ።

ቀረጥ ያልሆነ፣ ግን ከቀረጥ ያላነሰ ወጪ የሚያስከትል ግብርም አለ። ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ የሆነችው ጀርመን በእያንዳንዱ ኪሎ የተቆላ ቡና 2.19 ዩሮ፣ በሚሟሟ ቡና ደግሞ 4.78 ዩሮ የቡና ግብር ታስከፍላለች። ግብሩ እዚያው የተቆላውንም ስለሚመለከት አድልዎ የለበትም። ይሁንና የሃምቡርግ ቆዪ ሒሳቡን ከሌላው ግብሩ ጋር ሲያወራርድ፣ ከሚዛን 250 ግራም እሽግ የሚልክ ሰው በየእሽጉ 55 ሳንቲም ገደማ የሚከፍልለትና ሰነዱን የሚሞላለት ተቀባይ ማግኘት አለበት። በ2023 የወጣው የኅብረቱ የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግም ቡናው የበቀለበትን ቦታ መጋጠሚያ ነጥብ ይጠይቃል፤ ይህ በተለይ ለጫካ ቡና ለቃሚዎች ቀላል አይደለም።

የቀረጡ መጠን ዜሮ ሆኖ ሳለ የተቆላ ቡና ብዙ የማይላከው በቡናው ጠባይም ምክንያት ነው። ጥሬ ቡና በደንብ ከተቀመጠ ወራትን ይቆያል፤ የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይቀንሳል። ለዚህ ነው አየር የሚያስወጣ እንጂ የማያስገባ ቀዳዳ (ቫልቭ) ያለው ከረጢት የሚያስፈልገው።

በአገር በር

ከረጢቱ የሚመጣው ከውጭ ነው። በኢትዮጵያ ጉምሩክ አንድ ዕቃ ሲገባ ቀረጡ ብቻውን አይደለም። ለምሳሌ ዋጋው ከማጓጓዣና ከኢንሹራንስ ጋር 100 ብር የሆነ፣ 20 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ ኤክሳይዝ የሌለበት ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 20 ብር ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በ120 ብር ላይ ታስቦ 18 ብር ይሆናል። 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ በ138 ብር ላይ 13.80 ብር ነው። በ100 ብሩ ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብርና በ2014 ዓ.ም. የመጣው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ሲጨመሩ ድምሩ 57.80 ብር ይደርሳል። ሱር ታክሱ በቀረጡና በተጨማሪ እሴት ታክሱም ላይ ስለሚታሰብ፣ ግብር በግብር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁና ትንሹ ይለያያሉ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ድርጅት 18 ብሩን ከሽያጭ ታክሱ ላይ ያቀናንሳል፤ ያልተመዘገበው የመንደር ቆዪ ግን ዕቃውን መርካቶ ሲገዛ ሁሉም በዋጋው ውስጥ ገብቶ ይጠብቀዋል። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያለው ባለሀብት ማሽኑን ከቀረጥ ነፃ ሊያስገባ ይችላል፤ በአሮጌ መቁያ የጀመረ ማኅበር ፈቃዱን እስኪያገኝ ማሽኑን ከነጋዴ ገዝቶታል። ወደ ውጭ ለሚላክ ምርት በዋለ ግብዓት ላይ የተከፈለ ቀረጥ እንዲመለስ የሚፈቅድ አዋጅም (ቁጥር 768/2004) አለ። ሆኖም ጥቂት መቶ ከረጢት ከቸርቻሪ የገዛ ሰው የጉምሩክ ሰነዱ በስሙ ስላልሆነ ተመላሹን መጠየቅ ይቸግረዋል። የሕጉ በር ክፍት ነው፤ ቁመቱ ግን ለትልልቆቹ የተለካ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የቀረጡ መቶኛ ሳይነካ የሚከፈለው ብር አደገ። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የ1,000 ዶላር ከረጢት ከላይ ባለው ስሌት 32,946 ብር ያስከፍል ነበር፤ ዶላር 120 ብር ሲሆን 69,360 ብር ነው። በእርግጥ ቀደም ሲል ከባንክ ዶላር የሚያገኘው ጥቂቱ ስለነበር የመርካቶ ዋጋ ከዚያ በፊትም ከመደበኛው ተመን በላይ ነበር። ጥሬ ቡና ላኪው በለውጡ ሲጠቀም፣ ምርቱን ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያሽገው ግን ወጪው ብቻ ጨመረበት።

ከቀረጥ ውጭ ያለ አንድ ደንብም መጠቀስ አለበት። ለኤክስፖርት ደረጃ የበቃ ቡና በአገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ ለረጅም ጊዜ የተከለከለ ነበር። በመሆኑም የሚዛን ቆዪ በደጁ የተለቀመውን ምርጥ ቡና ሳይሆን ከኤክስፖርት የተረፈውን ሲቆላ ኖሯል።

ቅመማ ቅመምና ማር

ቴፒ በኮረሪማ፣ በእርድና በቁንዶ በርበሬም ትታወቃለች፤ የብሔራዊ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም ያለው እዚያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት መደበኛ ታሪፍ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ዜሮ፣ የተፈጨው 4 በመቶ ይከፍላል። የማር መደበኛ ቀረጥ 17.3 በመቶ ነው። ከሁለቱም ኢትዮጵያ ነፃ ናት። የሸካና የከፋ ማር ወደ ኅብረቱ ገበያ የመግባት ዕድል ያገኘው ግን ቀረጥ ሲቀነስለት ሳይሆን፣ ኢትዮጵያ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የማር ቅሪት ምርመራ ሥርዓቷ ተቀባይነት አግኝቶ ማር ላኪ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስትገባ ነው።