የቤተ ክርስቲያን ደን (ደቡብ ጎንደር)

የቤተ ክርስቲያን ደን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ተጠብቆ የኖረ የአገር በቀል ዕፅዋት ስብስብ ነው። በደቡብ ጎንደር በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ከእርሻና ከግጦሽ የተረፈው ነባር ደን በአብዛኛው ከቤተ ክርስቲያን አጸድ አያልፍም። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ በደጋውም ኮሶ የዚህ ደን ዛፎች ናቸው። ዓለማየሁ ዋሴ (ዶ/ር) በ2007 እ.ኤ.አ. ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፣ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ የደኖቹ ስፋት ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር ነበር። ደኑን ያቆየው የቦታው ቅድስና ነው። ዋነኛ ስጋቱ የከብት ግጦሽ ሲሆን፣ ቡቃያው እየተረገጠና እየተበላ አሮጌው ዛፍ ተተኪ ያጣል፤ የድንጋይ ካብ አጥር የሚሠራውም ይህን ለመከላከል ነው።